በገል ላይ የቀረ አውራ ጣት

ስለ ጥንት ሰዎች ለመናገር ተዘጋጅታችሁ የዛሬዎቹ ሰዎች ሲቀሩባችሁ የሚሰማችሁ ነገር ስም ያለው አይመስለኝም። ኀፍረት እንዳትሉት የሚያያችሁ የለም። ንዴት እንዳትሉት የምትቆጡት የለም። ባዶ ወንበር ደግሞ ክፉ ነው፤ ፊቱን ወደ ተናጋሪው አዙሮ ቁጭ ይላል። አርባ ወንበር ወደተደረደረበት አዳራሽ ስድስት ሰው ሲገባ አስተውላችሁ እንደሆነ ስድስቱ አይጠጋጉም። አንዱ ጥግ ይይዛል፣ አንዱ በር ሥር፣ አንዱ መስኮት አጠገብ፤ የተጣሉ ይመስል ተበታትነው ተቀምጠው፣ የጥንት ሕዝቦች እንዴት ተባብረው እንደኖሩ በጥሞና ያዳምጣሉ።

የምናገረው ከልምድ ነው። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። እዚህ ደብረ ታቦር በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ስለ ታሪክና ስለ አርኪዮሎጂ ለማንም ክፍት የሆነ ንግግር ይደረጋል። ስንት ዓመት እንደሆነው እኔና አቶ በለጠ አንስማማም። አቶ በለጠ እንደኔው ጡረተኛ ናቸው፤ ድሮ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ስለነበሩ እዚህም ሰብሳቢ ሆኑ፤ እኔ ወንበር ደርዳሪ። ስንጀምር ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከእብናትና ከይፋግ ተሳፍሮ የሚመጣም ነበረን። ተናጋሪዎቻችን ከሩቅ የሚመጡ ምሁራን ናቸውና መንገዱ አንድ ጊዜ በጭቃ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ነገር ሲዘጋ እየቀሩ፣ አድማጩም ግማሹ እየተሰላቸ፣ ግማሹ አገር እየለወጠ፣ አንዳንዱም እየሞተ፣ ሳሳን። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። ስለ አክሱም ሲወራ የጀመረችውን እጅጌ ስለ ላሊበላ ሲወራ ትጨርሰዋለች። ካረፈች ወዲህ እዚያ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም።

ከቀሩን አድማጮች አንዷ ትርንጎ ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ በር ሥር የምትቀመጥ ሴት። ሁለት ዓመት ስትመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ንግግሩ ሲያበቃ «እግዜር ይስጥልኝ» ትልና ትሄዳለች። እኔ መቼም ሰውን ሳልጠይቅ ማወቅ ይቀናኛል፤ ከዝናብ ለመጠለል የምትገባ ትመስለኝ ነበር። በበጋም እንደምትመጣ ልብ አላልሁትም።

በዚህ ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ነጋሪት ሲደበድበው ዋለ። ከባሕር ዳር የሚጠበቀው ተናጋሪ ደውሎ «መንገድ ላይ ቀረሁ» አለኝ። አቶ በለጠ ጉንፋን ይዟቸዋል። አርባውን ወንበር ደርድሬ ጨርሼ ቀና ስል ትርንጎ ብቻዋን በር ሥር ተቀምጣለች።

«ዛሬ ንግግር የለም» አልኋት። «ለነገሩ ከእንግዲህም የሚኖር አይመስለኝም።» ለአቶ በለጠ ይብቃን ልላቸው ቆርጬ ነበር። ከሷ በፊት ለማንም አልተናገርሁትም።

«እንግዲያው እስኪያባራ ልቀመጥ?» አለች።

የመምህር ነገር ሆኖ፣ አንድ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ዝም ማለት አልቻልሁም። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ካርቶኑን አወጣሁ። በጉና ግርጌ የሚያርሱ ገበሬዎች ማረሻቸው እየገለበጠ ያወጣላቸውን ገል ባለፉት ዓመታት ያመጡልን ነበር፤ በካርቶኑ ያለው እሱ ነው። ትልቁን አንሥቼ ለአንድ ሰው ንግግር ጀመርሁ። «ይህ የእንስራ አንገት ነው። እንግዲህ የሸክላውን ውፍረት ስንመለከት...»

ትርንጎ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣች። «ልንካው?»

ሰጠኋት። በወጉ ያዘችው፤ እንደ ሕፃን፣ ከሥሩ ደግፋ። ዓይኗን ጨፍና ውስጡን ስትዳስስ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ይችን አይተዋታል?»

«የቷን?»

«አውራ ጣቷን።»

ወደ መስኮቱ ወስዳ አሳየችኝ። ከአንገቱ ውስጥ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሠሪዋ ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ የጫነችው ጎድጎድ ያለ ምልክት ነበር። ያንን ገል ለስንት ተማሪ አሳይቻለሁ! የእኔን አውራ ጣት ብሞክር አልገባ አለኝ። ትርንጎ የራሷን አስገባች። ልክክ አለ።

ከየት እንዳወቀችው ጠየቅኋት። ዓረብ አገር ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ባልየው በሕይወት ሳለ የጥንት ሸክላ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነበርና ቤቱ በመደርደሪያ የተሞላ ነው። የሴትዮዋ ዓይን ደክሟል። ትርንጎ በየጠዋቱ አቧራቸውን እየጠረገች አንድ በአንድ እጇ ላይ ስታኖርላት፣ አሮጊቷ እየዳበሰች የየት እንደሆነ፣ እንዴት እንደተሠራ ትነግራታለች። በኋላ በኋላ አሮጊቷ መርሳት ስትጀምር ነጋሪዋ ትርንጎ ሆነች።

«አንድ ቀን አንዱን ሰበርሁት» አለችኝ። «አለቀልኝ ብዬ ስለቅመው ስባሪውን እጄ ላይ አድርጋ፣ ‹በይ አሁን ውስጡን ዳስሽው› አለችኝ። እሷ ናት የሠሪ ጣት መፈለግ ያስተማረችኝ።» ገሉን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «ወደ አገሬ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ምን ይዤ እንደመጣሁ ነው። ምን አውቀሽ መጣሽ ያለኝ የለም።»

ሁለት ዓመት ካልጠየቋት ሰዎች አንዱ ፊቷ ቆሟል።

«ለሚመጣው ወር ተናጋሪያችን አንቺ ነሽ» አልኋት።

«ኧረ በማርያም! እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው!» አለች። ዝናቡ እስኪያባራ ለመንኋት። ስሟ በማስታወቂያው ላይ እንዳይጻፍ አስምላኝ እሺ አለች።

አቶ በለጠ ሲሰሙ ተቆጡ። «የሰው ቤት ስትወለውል የኖረች ልታስተምረን ነው?» አሉ። «ሌላ ማን አለን?» ብላቸው ተቀበሉ። ይገባታል ማለት ሲገባኝ በሰው እጥረት ረታኋቸው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አሰብሁ። ለዚያን ያህል ዓመት ስለ ሸክላ ስናወራ አንድ ሸክላ ሠሪ ጠርተን አናውቅም። ገበያ ወርጄ፣ ከሰው ፈንጠር ብለው ድስትና ማሰሮ ደርድረው የሚሸጡትን እማማ ድንቄን እንዲመጡ ለመንኋቸው። ትክ ብለው አዩኝ። «እኛን ሰው የሚጠራን ሊሰድበን ነው። አንቱ ደግሞ ምን ልትሉኝ ነው?» አሉ። «ምንም አልልም፤ አንቱ እንዲሉ ነው» አልኋቸው። የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር። የነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ ከሁሉ ቀድመው መጥተው በር ሥር አገኘኋቸው።

ከዓረብ አገር የመጣች ሴት ትናገራለች ተብሎ ወሬው ተዳርሶ ኖሮ ሃያ የሚሆን ሰው ገባ። ትርንጎ መጀመሪያ ላይ መሬት መሬት እያየች ትቸኩል ነበር። ገሉን ስታነሣ ግን ረጋ አለች። ስለ አሮጊቷ፣ ስለ መደርደሪያዎቹ፣ ስለ ጣቱ ተናገረች፤ ከዚያ ገሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን እየሞከረ ይስቃል። አቶ በለጠ ሞክረው ካሳለፉት በኋላ «እስቲ መልሱልኝ» ብለው አስመለሱት።

እማማ ድንቄ ዘንድ ሲደርስ ጣታቸውን አላስገቡም። ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይችማ ቸኩላለች» አሉ። «ውስጡን ሳታለሰልሰው ነው የተወችው። ወይ ልጅ አልቅሶባታል፣ ወይ ዝናብ መጥቶባታል።»

እኔ ስለዚያ ገል የማውቀው ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም።

ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ስል ማንም እጁን አላወጣም። እማማ ድንቄ ብቻ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ የሞተችዋንስ አወቅናት» አሏት ትርንጎን። «አንችሳ እራትሽን ከማን ጋር ነው የምትበዪ?»

ትርንጎ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ከቴሌቪዥን ጋር» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ አብልጬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ጎልቶ ተሰማ መሰለኝ እማማ ድንቄ ወደኔ ዞሩ።

«አንቱሳ መምህር?»

ሰዓቴን አየሁ። ገና ግማሽ ሰዓት ነበረን። «ጥያቄና መልሱ እዚህ ላይ ያበቃል» አልሁና ስብሰባውን ዘጋሁት።