የጋሽ መኮንን ነባር ይዞታ

እኔ «ነባር ነኝ» የሚል ሰው እፈራለሁ። እናንተስ? ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ መኮንን ጨረቃ እንኳ ከዘመዶቻቸው በኋላ የመጣች ይመስላቸው ነበር።

በኢሕአዴግ ጊዜ ቀበሌው የነባር ይዞታ ማስረጃ ሲጠይቅ፣ እኔን ምስክር አድርገው ኮሚቴውን ግቢያቸው አስገቡ። አባታቸው ከሩቅ ሸለቆ አስመጥተው ያነጠፉት ድንጋይ ላይ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ባለ ሦስት ጣት ዱካ አሳዩን። አጠገቡ የማናውቀው ቅጠል ታትሟል። ውሻቸው ድንጋዩን ዞሮ ነበር የሚያልፈው።

«የአያቴ ዶሮ ናት» አሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሼህ ሰይድ ዱካውን በከዘራቸው ለኩት። «ወላሂ፣ ይህችን ማን ደፍሮ አረዳት?»

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ጣልቃ ገባሁ። ጁራሲክ በሚባለው ዘመን የኖረ እንስሳ ዱካ መሆኑን፣ ያኔም ሰው የሚባል እንዳልነበረ ነገርኳቸው።

«ከእኛ በፊት ማንም አልነበረም» አሉ ጋሽ መኮንን ተቆጥተው።

ሼሁ ግን በሌሎቹም የግቢው ድንጋዮች ላይ የታተመውን ዱካ እየተከተሉ ከድንጋይ ድንጋይ ሄዱና የቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

«ጋሽ መኮንን፣ የገባበትን አየነው። የወጣበትስ?»

ይዞታው ጸደቀላቸው። እሳቸው ግን በዚያው ሳምንት ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ቤቱን ለነባሩ ትተው።