እጁን ያላነሣው ዘበኛ

በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ለእንደኔ ዓይነቱ ተራ ሰው መልካም ምክር ነው። ይህን ምክር ዘበኛ የያዘው እንደ ሆነ ግን ዝንቧ ዞራ ወደ እኛ አፍ ትመጣለች። የመታ እንደሚከሰስ ሁላችንም እናውቃለን። ቆሞ ያየስ? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጣልያን ከመምጣቱ በፊት ነው። ረፋድ ላይ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ አፍንጮ በር ሳዘግም፣ አራዳ ላይ «በሕግ አምላክ!» የሚል የሴት ድምፅ አቆመኝ። ዘሐራ ናት፤ የልብስ ሰፊው የሰይድ ሚስት። የነጠላዋን ጫፍ ከገበያው ዘበኛ ከደምሴ ኩታ ጋር ቋጥራ ትጎትተዋለች። ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ በልብስ ተቆራኝተው መንገደኛን ዳኛ ማድረግ ወግ ነበርና፣ «ጌታዬ፣ ይፍረዱኝ!» ስትለኝ የት አባቴ ልግባ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ መኰንን አሽከር ሰክሮ መጥቶ፣ ሱሪዬ ዘገየ ብሎ የሰይድን ክንድ በዱላ ሰበረው። ደምሴ እዚያው፣ ሰይድ ከሚሰፋበት በረንዳ ሥር ቆሞ ያይ ነበር።

«የመታው እያለ ዘበኛውን ለምን ትከሺያለሽ?» አልኳት።

«የመታውማ ሰክሮ ነው። ይኼ ግን አልሰከረም!»

ደምሴ ደረቱን ነፋ። «እኔ እጄን እንኳ አላነሣሁም!»

«እኮ! የከሰስኩህ በዚሁ ነው!»

የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። ሰይድ ግን ክንዱን አቅፎ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጧል፤ ላቡ ይንቆረቆራል። እሱን አይቼ ወደ ደምሴ ዞርኩ።

«ለምን አልያዝከውም?» ስለው፣ ደምሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጌታው ትልቅ ሰው ናቸው። ነገ እኔን ማን ያስጥለኛል?»

እውነቱን ነው። ግን ፍርሃትን ለዘበኛ ከፈቀድን ለልብስ ሰፊ ምን ልንተውለት ነው? የአሽከሩን ጉዳይ ለችሎት ተውኩና በደምሴ ላይ ፈረድኩ፦ ሰይድን ወጌሻ ዘንድ ያድርሰው፤ ክንዱ እስኪድን ድረስም ከጥበቃው ሲወጣ የስፌት መኪናውን እጀታ ያዙርለት።

ሰንብቼ በዚያ ሳልፍ፣ ደምሴ ከሰይድ ጎን ተቀምጦ እጀታውን ያዞራል። ድንገት ከማዶ ጩኸት ተሰማ፤ አንድ ባለበቅሎ ጌታ መንገድ ዘጋሽብኝ ብሎ በአንዲት እንጨት ሻጭ ላይ አለንጋ አንሥቷል። ደምሴ ዘሎ ተነሥቶ ሮጠ፤ የሰውዬውን እጅ ሳይወርድ ያዘው።

ሲመለስ «አልፈራህም?» አልኩት።

«ፈራሁ እንጂ!» አለ እያለከለከ። «ግን እሷ ብትሰበር እንጨት ልሸከም ነዋ!»

ሕጉ በልቡ በኩል ይግባ በጀርባው፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ገብቷል።