ጭብጨባ የዋጠው ትእዛዝ

አራዳ ችሎት ውስጥ የነበርነው ዳኛው፣ የፍርድ ቤት ድጋፍ ፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ሦስት የውጭ እንግዶች፣ የእሪ በከንቱ ሰፈሯ እትዬ ዘይነባ፣ እኔ ጎረቤታቸው፣ ከፊት ደግሞ ሌሎች ባለጉዳዮች ነን።

እንግዳ ሲያይ ለማጨብጨብ እጁን የሚያሳክከው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አስተባባሪው እንዲያ ነው። እንግዶቹ የመጡት የዳኞችን ነፃነት ለማገዝ ነው አሉ። እሱ ግን ወደ ዳኛው ጎንበስ ብሎ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ነፃነትዎን ቶሎ ያሳዩልን፤ ምሳ ይቀዘቅዛል» አለ።

እትዬ ዘይነባን ነገ ጠዋት ከቤታቸው ሊያስወጧቸው ስለሆነ እግድ ጠይቀዋል።

«ልጄ፣ ዛሬ ካልታገደልኝ የት እወድቃለሁ?» ብለው ክንዴን ጨመደዱት።

ዳኛው ትእዛዙን ማንበብ ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አስተባባሪው አጨበጨበ፤ እንግዶቹም ተከተሉት። እንግዳን ዝም በል የሚል ማን አለ? ጭብጨባው ሲበርድ ዳኛው ለፎቶ ተወስደዋል፤ መዝገብ ቤቱም ተዘግቷል።

እስቲ ከፊት የነበራችሁ ንገሩን፤ ታገደ ወይስ አልታገደም? እትዬ ዘይነባ አልጋቸውን መፍታት ጀምረዋል።