የገብረ ሥላሴ ሰላማዊ ሞት

ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ማኅተም ግን አይሳሳትም። ይህን ታላቅ እውነት በሐይቅ ከተማ ከማንም አስቀድማ በጥልቀት የተረዳችው ፍቅርአዲስ ናት፤ ለመረዳትም አምስት ወር ብቻ ፈጅቶባታል።

ባሏ የኋላሸት ተሰዶ በሄደበት ብርዳም አገር ጉዳዩ ሦስት ዓመት ሲመረመር ቆይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ጥገኝነት ተሰጠው። ሚስቱን ለማስመጣት የዚያ አገር የስደተኞች ጽሕፈት ቤት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጋብቻ ማስረጃ። ሁለቱ በቁርባን ስለተጋቡ የደብሩ ወረቀት በፍቅርአዲስ ሣጥን ውስጥ ነበር። አስተርጉማ ላከችው። በሁለት ወሩ መልስ መጣ።

«የላኩት ማስረጃ ወለተ ሚካኤል የተባለች ሴት ገብረ ሥላሴ የተባለ ወንድ ማግባቷን ያስረዳል። ወለተ ሚካኤል እርስዎ ከሆኑ፣ ከአቶ የኋላሸት ሌላ ባል አለዎት። ሕጋችን የሚፈቅደው አንድ ባል ነው። አቶ ገብረ ሥላሴ የሚገኙበትን ሁኔታ በስድሳ ቀን ውስጥ በማስረጃ ካላስረዱ ጥያቄዎ ውድቅ ይሆናል።»

ፍቅርአዲስ ወደ ቄሰ ገበዝ ተክለ ሃይማኖት ሮጠች።

«አባ፣ ገብረ ሥላሴ ማለት የኋላሸት ነው ብለው ይጻፉልኝ።»

«የኋላሸት ማነው?»

«ባሌ ነዋ! ያጋቡን አንቱ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ያጋባሁት ገብረ ሥላሴን ነው። እግዚአብሔርም የሚያውቀው በዚሁ ስሙ ነው። የዓለሙን ስም ዓለም ይጻፍልሽ፣ ልጄ።»

ዓለም ማለት በሐይቅ የምዝገባ ባለሙያው አቶ አያሌው ናቸው። በሃያ ዓመት አገልግሎታቸው አንዲት ክፍት ቦታ ያልተሞላችበት ቅጽ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

«የክርስትና ስም የሃይማኖት ጉዳይ ነው» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ሃይማኖትና መንግሥት ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ናቸው ብዬ ብጽፍ ሕገ መንግሥቱን ጣስሁ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ያለን ቅጽ አራት ነው፤ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት። ገብረ ሥላሴ ተወልዷል። አግብቷል። የቀሩት ሁለት ናቸው። ትፈችዋለሽ ወይስ ይሙት?»

«ኧረ በስመአብ! የቁርባን ባሌን እንዴት አድርጌ ነው የምፈታው?»

«እንግዲያው ይሙት።»

«ሰውዬው እኮ ትናንት ደውሎልኛል!»

«የደወለልሽ የኋላሸት ነው፤ የሚሞተው ገብረ ሥላሴ ነው። የኋላሸትን ጉንፋን እንኳ አይነካውም።»

ፍቅርአዲስ በጣቷ ቆጠረች። ከስድሳው ቀን የቀሯት ዘጠኝ ነበሩ። ባሏን ካየች ደግሞ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። እሺ አለች።

ለምስክርነት ጎረቤቷ ሙሐመድሁሴን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ።

«የኋላሸት ሞተ? ኢና ሊላሂ!»

«የኋላሸት አይደለም» አሉ አቶ አያሌው። «በዚህ ከተማ ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ወላሂ አይቼ አላውቅም።»

«በቃ፣ የለም ማለት ነው። እዚህ ጋ ፈርም።»

የቀረው «የሞት ሁኔታ» የሚለው ክፍት ቦታ ነበር።

«ምን ልበል?»

«እንዳይሰቃይብኝ ብቻ።» የፍቅርአዲስ ዓይን እንባ አቀረረ። «እቤቱ ሆኖ፣ በሰላም ይበሉልኝ።»

አቶ አያሌው «በመኖሪያ ቤቱ፣ ሐይቅ፣ በሰላም» ብለው ባማረ እጅ ጽሕፈት ሞሉና ማኅተሙን አሳረፉ። ከዚያም ተነሥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት።

የኋላሸትም ባለበት አገር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አብረውት ከሚያስቀድሱት ስደተኞች ሦስት ምስክር አቁሞ፣ እናቱ የላኩለትን የጥምቀት ወረቀት አያይዞ፣ ገብረ ሥላሴ ማለት ራሱ መሆኑን አስመሰከረ። ሚስቱን ድንገት ሊያስደስታት ፈልጎ አልነገራትም። እሷም እንዳይደነግጥባት ብላ መሞቱን አልነገረችውም።

ሁለቱ ማስረጃዎች በአንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ደረሱ። ጽሕፈት ቤቱ በጥንቃቄ መርምሮ ሁለቱም ትክክለኛ መሆናቸውን አረጋገጠ። ለፍቅርአዲስም እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«አቶ ገብረ ሥላሴና አቶ የኋላሸት አንድ ሰው መሆናቸውን ሙሉ በሙሉ አምነናል። ስለሆነም በባለቤትዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የሞተ ሰው ሚስት ማስመጣት አይችልም። በተጨማሪም ባለቤትዎ በሐይቅ፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ በሰላም መሞታቸው አገራቸው ለሕይወታቸው የማያሰጋ መሆኑን ስለሚያስረዳ፣ የተሰጣቸው ጥገኝነት ተነሥቷል።»

የኋላሸት ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ፊት ቀርቦ «ይኸው ቆሜያለሁ!» ቢል፣ መቆሙ በሰነድ ያልተደገፈ መሆኑ በትሕትና ተነገረው። በወሩ አንድ ቦርሳና አንድ ወፍራም ካፖርት ይዞ ከደሴ በመጣ ሚኒባስ ሐይቅ ወረደ።

«ገደልሽኝ እኮ፣ ፍቅርዬ!» አላት።

«ምን ላርግ፣ ልፍታህ ነበር?» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጨረሻው ደብዳቤ ደረሳት። «ከባለቤትዎ ጋር አብረው መኖር መጀመርዎን በደስታ ተረድተናል። ከቤተሰብ ጋር ለመገናኘት ያቀረቡት ጥያቄም ጽሕፈት ቤታችን በዚህ ዓመት ካሳካቸው ጉዳዮች መካከል ተመዝግቧል። እንኳን ደስ አለዎት።»