ድካም ማስለቀቂያ ስብሰባ

ለደከመው ሰው ስብሰባ የሚያዝዝ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ገንዳ ውሃ ከተማ አንድ አለን፤ የጤና ሠራተኞች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ ወባ የጣለውን ሁሉ ሌት ተቀን ስናክም ከርመን፣ በዕረፍታችን ቀን፣ በእሁድ፣ «የጭንቀት ማስወገጃ ሥልጠና» ብሎ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበን። እንዴት ያለ አዛኝ ነው! ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል።

«ሥልጠናው በየእሁዱ ይቀጥል የምትሉ?» ሲል፣ አጠገቤ እንቅልፍ የጣላት ነርሷ ሲስተር የሺ ብድግ አለች። ዓይኗን ሳትገልጥ፣

«ቀጣይ በሽተኛ ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» ብዬ እጄን አወጣሁ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አለና ሊቀመንበሩ አጨበጨበልን።