የቲቸር ወልደየሱስ ኤሌክትሮኖች

በየትምህርት ቤቱ አንድ የማይምር አስተማሪ አይጠፋም፤ ተማሪው ካልገባው ደወሉም አይደወል፣ ፀሐይም አትጥለቅ የሚል። በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ ይህ ማዕረግ የተሰጠው ለክቡር የኬሚስትሪ መምህር ወልደየሱስ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ልክነሽ ግን እሳቸውን ማየት ነፍሷ አይወድም። ማትሪክ ደርሷል። ካለፈች ነርስ ትሆናለች፤ ከወደቀች ገጠር ላንቴ ወርዳ የአባቷን ሙዝ ትኮተኩታለች። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ «ልክነሽ፣ ውጪ! የዚንክን ሃፍ ኢኩዌሽን ጻፊ!» ነው። ትወጣለች፤ ኤሌክትሮኖቹን ከቀስቱ በስተግራ፣ ከዚንክ ጎን ትደረድራቸዋለች።

«ዚንክ ሰጪ ናት እንጂ ተቀባይ ናት? ወደ ቀኝ አውጫቸው!»

«ቲቸር፣ ሰጥታ እንዴት ፕላስ ሁለት ትሆናለች? እኛ ሰፈር የሰጠ ይጎድልበታል።»

«የሰጠችው ኔጌቲቭ ነዋ! ሸክሙን ያወረደ ሰው ምን ይጎድልበታል?»

ምን አለፋችሁ፣ ቃል አልበቃ ሲላቸው ሙዝ አስመጡ። ልክነሽ ዚንክ፣ ዳልጮ የሚባለው ሆዳም የክፍል ጓደኛዋ ኮፐር፣ ሁለቱ ሙዞች ኤሌክትሮን ሆኑ። እሷ ሰጠች። እሱ ተቀበለ፣ ላጠ፣ ዋጠ።

«ኤሌክትሮኖቹ የታሉ?»

«በላኋቸው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክቡርነታቸው ግን ፍንክች አላሉም። «ይኸው! ተቀብሎ የራሱ አደረጋቸው። ሪዳክሽን ማለት ይሄ ነው፤ ተቀመጥ!» ባዶ እጇን የቀረችው ልክነሽም ኦክሲዴሽን ምን እንደሆነ ያኔ ገባት። ደስታዋ ግን አንድ ቀን ነው ያደረው፤ በማግስቱ ከዚንክ የባሰውን የፐርማንጋኔትን ኢኩዌሽን አመጡባት።

በመጨረሻ ተማሪው መረረው። የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ሲጠራ ጉድ ፈላ፤ ሁሉም እየተነሳ ከደወል በኋላ ያስቀሩናል፣ ምሳ ያሳልፉብናል አለ። ከአውራጃ የመጡት ጓድ ሰብሳቢም ቲቸር ራቅ ወዳለው ካምባ ይዛወሩ የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

«ከሁሉ የተበደለችው ልክነሽ ናት፣ እሷ ትናገር!» አለ ዳልጮ።

ልክነሽ ሳምንቱን ሙሉ ክሷን ስታዘጋጅ ነበር። ብድግ ብላ ቲቸርን አየቻቸው። ጠመኔ የነካ ኮታቸውን እያራገፉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሆዷ ባባ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እኚህ ሰውዬ ልቤን ነው ያደረቁት። ግን እኔን ከእሳቸው ሌላ ማን ያስረዳኛል? ማትሪክ ሳልፈተን የትም አይሄዱም!»

«መልካም። ከማትሪኩ በኋላ ይዛወሩ?»

ልክነሽ ክው አለች።

«ኧረ ተዉ፣ ጓድ! ታናሽ እህቴ ገና ዘጠነኛ ናት!»