ኖርዌይ ይምጣና ይሸከመኝ

ሰው የማያውቀውን ነገር ለመናገር ያፍር ይሆናል፤ ለማስተማር ግን አያፍርም። ይህን የምለው ሌላውን ለማማት አይደለም፤ ከራሴ ተነሥቼ ነው። እኔ ወረታ ከተማ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት «ዜግነት ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመትም መልሱን ራሴ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ዜግነት በግለሰብና በመንግሥት መካከል ያለ ሕጋዊ ግንኙነት ነው። ይህን ገልብጦ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። አስፋፍቶ የጻፈ ይቀነስበታል። ዜጋ አስፋፊ ሲሆን አልወድም።

ዘመኑ ደግሞ የሉላዊነት ነው። ዓለም አንድ መንደር ሆናለች ይባላል። ይህን መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ መንደር ኖሮ የሚያውቅ ሰው ግን አይመስለኝም። ቢሆንም ዘመን ጥሎኝ እንዳያልፍ ብዬ በስልኬ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰድሁና «የዓለም ዜጋ» የሚል የምስክር ወረቀት ተቀበልሁ። በቀለም አሳትሜ፣ መስተዋት አስገብቼ ሳሎን ሰቀልሁት። ሚስቴ የምትፈልገው የጓዳውን በር የሚጠግን ዜጋ ነበር፤ ሆኖም አልከለከለችኝም። እርግጥ ነው፣ የዓለም ዜጋው ወደ ደቡብ ከባሕር ዳር፣ ወደ ሰሜን ከጎንደር፣ ወደ ምሥራቅ ከደብረ ታቦር አልፌ አላውቅም። ወደ ምዕራብ ጣና ነው፤ ዋና አልችልም።

ወደ ነገሬ ልግባ። የሰፈራችን እድር እስላም ክርስቲያን የማይለይ፣ ሕጉም አጭር የሆነ እድር ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ትመጣለህ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስም ይጠራል፤ «አለሁ» ትላለህ። ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ፣ ምክንያት ቢልክም፣ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ደግሞ ቤቱ ሰው ቢሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ቃሬዛ አይወጣለትም። ከዚህ የከፋ ቅጣት በእኛ አገር የለም፤ ሕገ መንግሥቱም አላሰበው።

የእትየ ጥሩነሽ አንድ ልጅ ጌትነት የዚህ እድር አባል ነው። አባቱ ሲሞቱ በእሳቸው ቦታ የእሱ ስም ተጻፈ፤ እናቱም ክፉ ቀን ሲመጣ የሚነሡት በእሱ ስም ነው። ጌትነት ግን ኑሮው ኖርዌይ ነው፤ ዓሣ ፋብሪካ ይሠራል። አምና የኖርዌይ ዜግነት ወስዷል። ተማሪዬ ነበር፤ በሥነ ዜጋ የጣልሁትም እኔ ነኝ። አስፋፍቶ ይጽፍ ነበር።

ታዲያ ስም ሲጠራ ባለሱቁ ሰይድ፣ አብሮ አደጉ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል። «ጌትነት!» ሲባል ከስልኩ ውስጥ «አለሁ!» ይላል። ፊቱም ይታያል፤ ነጭ የላስቲክ ቆብ አጥልቆ፣ ከኋላው ዓሣ በሰልፍ እየተንሸራተተ። ለቀስተኛው ዓሣውን ለማየት አንገቱን ያሰግጋል፤ ኀዘንተኛው ሳይቀር። ድንኳን የመትከል ተራው ሲደርስ ካስማውን የሚመታለት ሰይድ ነው፤ ጌትነት በለውጡ የሰይድን ልጅ በስልክ ሒሳብ ያስጠናለታል። ምን የሚሉት ውል ነው ብዬ ብጠይቅ ሰይድ ወንፈል ነው አለኝ። እኔ የማውቀው ወንፈል ዛሬ የአንተን ሩዝ አርመን ነገ የእኔን የምናርምበትን ነው።

ይህ ነገር ሕሊናዬን ቆረቆረው። የአገሪቱ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ የእኛ እድር ግን ለባዕድ አገር ዜጋ ካስማ ይመታል! እኔ ዝም ብል ማን ይናገራል? ተቀምጬ ሁለት አንቀጽ አረቀቅሁ። አንቀጽ አንድ፦ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ አባል ይሰረዛል። አንቀጽ ሁለት፦ በማናቸውም ምክንያት የተሰረዘ ሰው መመለስ ቢፈልግ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀብር ያልቀረ አባል ዋስ ይጥራ። ሁለተኛውን የጨመርሁት ለማሳመር ነው። አንድ አንቀጽ ብቻውን ሕግ አይመስልም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድርተኛው ሁሉ ተሰበሰበ፤ እኔም ቆሜ አነበብሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኳንንት የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ባለቤት ናቸው፤ የወፍጮው ድምፅ ስላደነቆራቸው ይሁን ጠባያቸው ሆኖ፣ ሰው ሲናገር ፊታቸው አይነበብም። ሁለተኛው ደግ ነው፣ ይጻፍ አሉ፤ እጅ ወጣ፤ ጸደቀ። ደስ አለኝ። በአንደኛው ላይ ግን እትየ ጥሩነሽ ተነሡ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «እኔ እንግዲህ ዕድሜዬም ደርሷል። ልጄን ስትሰርዘው እኔን ማን ያነሣኛል? ኖርዌይ ይምጣና ይሸከመኝ?»

ኖርዌይ ቃሬዛ ተሸክሞ ሲመጣ ለሁሉም የታየው መሰለኝ። እኔም ሕግ ሆድ የለውም የሚል መልስ ሰጠሁ። እሳቸው ተቀመጡና የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ተነካ፤ አፈርሁም። ነገር ግን ሰው ጉባኤ ፊት አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ማፈሩን በምን አንቀጽ ያሳውቃል?

ጋሽ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ዜግነት የሚናገሩ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ሩዝ ጀመሩ። ሩዝም እኮ መጤ ነው አሉ። ከባሕር ማዶ ሲመጣ አባቶቻችን የወፍ ቀለብ ብለው ንቀውት ነበር። ዳሩ ግን ክረምት መጥቶ ሜዳው በውኃ ሲዋጥ ጤፉ መሬቱን ለቆ ወጣ፤ ሩዝ ግን እጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ተገኘ። «ዛሬ ሩዝ የእኛ የፎገራ አይደለም የሚለኝ ሰው ካለ ወፍጮዬ ዘንድ ይምጣ» አሉ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርገው፣ መዝገቡ ይውጣና ማን እንደተገኘ ማን እንደቀረ እንየው አሉ።

ጸሐፊው የጌትነትን አነበበ። አለ፣ አለ፣ አለ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ኔትወርክ ጠፋ፤ የጠፋው በእኛ በኩል ስለሆነ አለ ተብሎ ይያዝ» የሚል ተጽፏል። ሰይድ ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር የወረደ ዕለት እንኳ ሚስቱ ስልኩን ይዛ ቆማለች፤ የቀረው ሰይድ ነው እንጅ ጌትነት አልቀረም።

«የመምህርንም አንብብ» አሉ ጋሽ መኳንንት።

ጸሐፊው አነበበ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እንዲህ ይላሉ፦ ስብሰባ። ራስ ምታት። ኳስ።

ኳሱን ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ እኔ የላክሁት ምክንያት የሆድ ሕመም ነበር። ለካስ እንግሊዝ አገር ጎል ሲገባ የጮህሁት ጩኸት፣ ጎረቤት ከተማ ሐሙሲት ድረስ ባይሰማም፣ መቃብሩ ድረስ ተሰምቶ ኖሯል። ጋሽ መኳንንትም፣ ሩዝህ ተፈልፍሏል ውሰድ እንደሚሉት ሁሉ፣ ተሰርዘሃል አሉኝ። የክፋትን ጉድጓድ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው የተባለው እውነት ነው፤ የእኔ ደግሞ ባለ ሁለት አንቀጽ ጉድጓድ ነበር። ሚስቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችኝ። እናቷ እኛ ዘንድ ናቸው፤ ከአልጋ ከወደቁ ሰነባብተዋል። የሳሎኑን ወረቀት አሰብሁት፤ ዓለም መጥቶ አማቴን ይሸከም ይሆን?

ዋስ ጥራ ተባልሁ። ዞር ብዬ ተመለከትሁ። ይህ ሁሉ ሰው ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን አንዱ ወልዳ የምትጠየቅ እህት ኖራው፣ ሌላው አጨዳ ገጥሞት፣ ሁሉም አንድ አንድ ቀብር ቀርቷል። ያልቀሩ ጋሽ መኳንንትና ጥሩምባ ነፊው ናቸው። ዳኛ ዋስ አይሆንም፤ ጥሩምባ ነፊው ደግሞ ወደ እትየ ጥሩነሽ አየና አንገቱን ደፋ። ቀሪው ሰው የጣራውን ቆርቆሮ መመርመር ያዘ።

በዚህ ጊዜ ከሰይድ ጉልበት ላይ ድምፅ መጣ። ስልኩ ለካ ተከፍቶ ኖሯል፤ ጌትነት ሁሉንም ሰምቷል።

«ጋሽ መኳንንት፣ እኔ ዋስ እሆናቸዋለሁ። መምህሬ ናቸው።» ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረ፤ ዓሣው ከኋላው ያልፋል። «መምህር፣ ሰላም ነዎት? ዜግነት ማለት በግለሰብና በመንግሥት መካከል ያለ ሕጋዊ ግንኙነት ነው፤ አይደል?»

አላስፋፋም። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።

አንቀጽ አንድ ድምፅ ሳይሰጥበት ወደቀ። እትየ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ከዓይናቸው አነሡ። ጸሐፊው ስለ እኔ አዲስ መስመር ከፈተና ጋሽ መኳንንት አስጻፉት፦ ዋስ፣ ጌትነት፤ ዜግነቱ ኖርዌይ፤ አባልነቱ የጸና። ዋስ የተጠራለት፣ መምህር፤ ዜግነቱ ኢትዮጵያ፤ አባልነቱ... እዚህ ላይ እጃቸውን አነሡ። ክፍት ይሁን አሉ፤ ሦስት ቀብር በተከታታይ ሲገኝ እንሞላዋለን።

እነሆ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘጋጅቻለሁ። እንትና አስሎታል ሲባል ጫማዬን እወለውላለሁ። ኳስ በድምፅ አላይም፤ ጥሩምባው እንዳያመልጠኝ። ነገር ግን የሰፈራችን ሰው ምን እንደነካው አላውቅም፣ መሞት ተወ። ክረምቱ አለፈ፣ የወባው ወራት አለፈ፣ ሩዙም ታጨደ፤ አማቴ እንኳ ከአልጋ ተነሥተው የሽሮ አተር ይለቅማሉ። ሁሉም ደኅና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ ከልቤ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

እትየ ጥሩነሽ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በደጃፌ ያልፋሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ዱላቸውን ተደግፈው ቆም ይላሉ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኛል፤ የተወለወለውን ጫማዬንም ያዩታል።

«መምህር፣ እንዴት አደርህ?» ይሉኛል። «እኔ ደኅና ነኝ፤ ሌላ ፈልግ።»